የአባቴ ጾምና የገፈርሳ ቆሮሶ

አባቴ አሳ ማጥመድ ያስተማረኝ አልጋ ላይ ተኝቶ ነው። ሳወራው ሰው ቀልድ ይመስለዋል። የናይሎኑን ክር ጫፍ ሌባ ጣቴ ላይ ይጠመጥምልኝና በሩ ጋ ሄጄ ዓይኔን ጨፍኜ እንድቆም ያዘኛል። ሌላውን ጫፍ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይዞ ይጎትታል። አንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ከረር አድርጎ፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ ያረግበዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሳ።»

«አሳ ይብላሽ! ይሄ ሳር ነው። ሳር ይይዛል እንጂ አይነካካም። አሳ መጀመሪያ ቀመስ ያደርጋል፣ ከዚያ ነው ይዞ የሚሄደው። እስቲ እንደገና።»

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። እግዜር ትዕግሥት ሲያድል እኔ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበርኩ መሰለኝ፣ ሦስቴ ከተሳሳትኩ ክሩን ከጣቴ ላይ መንጭቄ እወረውረዋለሁ። አባቴ እየሳለ ይስቃል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ጉለሌ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን የቀረነው እሱና እኔ ብቻ ነን። እኛ ቤት አባት «አንተ» ነው የሚባለው፤ ለዚህም ጎረቤት «ስድ አደግ» እያለ ሲያማኝ ኖሯል። ይሙት፣ እውነታቸውን ነው።

አባቴ ጎሚስታ ነበር። ከጉለሌ ወደ አምቦ በሚወጣው መንገድ ዳር ጎማ ሲለጥፍ ነው ያረጀው። ሙያውንም አሳ ማጥመዱንም ከአንድ ጣሊያን አለቃው ተማረ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሸንበቆውን ይይዝና በሚያውቀው የጭነት ማኪና ተንጠላጥሎ ገፈርሳ ግድብ ይወርዳል። ለክሩ ማጥለቂያ የሚያስረው ለጎማ ሚዛን የሚመታውን እርሳስ ቆርጦ ነው፤ ተንሳፋፊው የጠርሙስ ቡሽ ነው። እኔ ነገሩን አልወደውም ነበር። ማታ ያመጣውን ቆሮሶ አሳ ቅርፊቱን እየፋቅኩ ስነጫነጭ፣ «አንድ ቀን ራስሽ ታጠምጃለሽ» ይለኛል። ምን ቆርጦኝ! እለው ነበር።

አብዮቱ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው አባቴ ሳንባውን ታመመ። ከስቶ ከስቶ ቀበቶው ሁለቴ የሚዞረው ሆነ። ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ በየቀኑ መርፌ አዘዘለትና ለብቻዬ ጠርቶ፣ «መርፌው ኃይለኛ ነው። ምግብ ካላገዘው አባትሽን ይጥለዋል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ይብላ፤ አለበለዚያ ተስፋ አልሰጥሽም» አለኝ። እንግዲህ ጉዱን ስሙ፤ ሁዳዴ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል።

«አልገድፍም» አለ አባቴ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ሁዳዴ ገድፌ አላውቅም። ለመርፌ ብዬ አሁን አልጀምርም።»

ለመንኩት። አለቀስኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ጮህኩበት፤ «ሙት እንግዲህ!» አልኩት፤ አፌን በቆረጠው። የንስሐ አባታችንን ጠራሁ። እሳቸው የሁለታችንም የንስሐ አባት ናቸው፤ በእርጅና የጎበጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ቄስ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ «ሕመምተኛ ጾም አይያዝበትም። ወተቱንም እንቁላሉንም ፈቅጄልሃለሁ» አሉት።

«እርስዎ ቢፈቅዱልኝም እኔ ለራሴ አልፈቅድም፣ አባቴ።»

ቄሱም፣ «አሳስ?» አሉት።

አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በኛ ሰፈር ማለቂያ የለውም። በሌላው ጾም ብዙ ሰው ይበላዋል፤ ሁዳዴ ላይ ግን አጥባቂው አይነካውም። አባቴም ሁዳዴ ከገባ ሸንበቆውን ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ነው ፋሲካን የሚጠብቀው። ያን ቀን ግን፣ «አሳ ይሁን፤ ለደዌዬ ነው» አለ። «ግን የሱቅ አሳ አልበላም። ሥጋ በቆረጡበት ቢላዋ ነው የሚያጸዱት።»

«ታዲያ ማን ያጠምድልሃል?» አልኩት። ቄሱም እሱም ዞረው እኔን አዩኝ።

ያን ዕለት ማታ ተሳለ። «ጾሜን ሳልገድፍ ካዳነችኝ፣ ኅዳር ስድስት ለቁስቋም ጃንጥላ አስገባለሁ» አለ። እኔም ሰማሁት። ያኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ጃንጥላው ሳይሆን ያ ቀን ድረስ መድረሱ ነበር።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ። ከዚያ በፊት አዳራሹ ሄጄ ለመቅረት ፈቃድ ስጠይቅ ሊቀመንበሩ «ምክንያቱስ?» አሉኝ። «አሳ ላጠምድ» ብዬ እቅጩን ስናገር አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሊቀመንበሩም ስቀው ፈቀዱልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ስሜ «ጓዲት አሳ» ሆኖ ቀረ።

ግድቡን የሚጠብቁት አሮጌ ምንሽር ያነገቱ ሽማግሌ ናቸው። ሸንበቆውን አዩና ባለቤቱን አወቁ። «የጎሚስታው ልጅ ነሽ? እሱስ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «በይ እዚያ ማዶ። ይሄ ውሃ ከተማ የሚጠጣው ነው፤ እግርሽን እንዳትነክሪበት። ሴት ልጅ መንጠቆ ይዛ ሳይ ደግሞ ገና ዛሬ ነው» አሉ።

አባቴ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «በየካቲት ጠዋት ውሃው ይቀዘቅዛል፤ አሳው ጥልቁ ውስጥ ነው፣ አትድከሚ። ፀሐይ አናትሽ ላይ ስትወጣ ሊሞቅ ወደ ዳር ይመጣል። ያኔ ከጉልበት የማያልፍ ውሃ ላይ ጣይ። ጥላሽን ውሃው ላይ እንዳትጥይ። ደግሞ ዝም በይ፣ ከቻልሽ።» አንዱንም አልሰማሁትም። ከማለዳ ጀምሬ ጥልቁ ውሃ ላይ ስወረውር፣ ስጎትት፣ ሳር ሲይዘኝ ስረግም ዋልኩና ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሁለተኛው እሑድም እንደዚያው። እንዲያውም ክሩ ሲበጠስብኝ ሸንበቆውን መሬት ላይ ፈጠፈጥኩት። ዘበኛው ከሩቅ አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ አሳው ምን በደለሽ?» አሉኝ።

በነዚያ ሁለት ሳምንታት አባቴ በሽሮና በምስር ብቻ መርፌውን ሲወጋ እያየሁት ቀለጠ። ከሆስፒታል ሲመለስ ያስመልሰዋል። እኔ ባዶ ቦርሳ ይዤ ስገባ ግን፣ «ገና እየተዋወቃችሁ ነው» ይለኛል። አለመቆጣቱ ይበልጥ ያናድደኛል።

በሦስተኛው እሑድ ደከመኝ። ንዴቱም አለቀብኝ። እኩለ ቀን ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ከዳሩ ውሃ ላይ ጣልኩና፣ ክሩን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ልክ በሩ ጋ እንደቆምኩ አድርጌ። ትንሽ ቆይቶ ቀመስ አደረገ። ተወት አደረገ። እንደገና ቀመስ አደረገ። ከዚያ ሄደ! በስመ አብ ብዬ ሳብኩት። ያን ቀን አራት ቆሮሶ ያዝኩ። አባቴ የትልቁን አፍ ከፍቶ መንጠቆው የወጋበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰና፣ «ከንፈሩን ነው ያገኘሽው። ጎበዝ» አለኝ። ሳህኑን ጠርጎ በላ። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ግን አራት ቆሮሶ ስንት ቀን ይዘልቃል? በጨው አሽቼ ገመድ ላይ አደረቅኩት፣ ቆጠብኩት፤ ረቡዕ ከአንዲት በቀር አለቀ። ሐሙስ ጠዋት አባቴ መርፌውን ተወግቶ ሲወጣ የሆስፒታሉ ደጅ ላይ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ደግፈው ሲያነሱት አየሁ፤ እግሮቹ ከመሬት ተነስተው ነበር፤ ያን ያህል ቀሎ ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት ቀጨኔ ሄጄ እንቁላል ገዛሁ።

ቀጨኔ የሄድኩት እዚያ ማንም ስለማያውቀኝ ነው። በሁዳዴ እንቁላል የምትገዛ ሴት ምን እንደምትባል የኛን ሰፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሻጯ እንኳ አየት አድርጋኝ «ለሕፃን ነው?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኳት። በነጠላዬ ጠቅልዬ አሳ በምይዝበት ቦርሳ ውስጥ ደብቄ ገባሁ። እንዲህ ነበር የምሠራው፦ የቀረችኝን ደረቅ አሳ በሙቀጫ አደቃለሁ፤ ሽንኩርቱ በዘይትና በበርበሬ ሲበስል እጨምራታለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሁለት እንቁላል መትቼ እለቅበትና ቶሎ ቶሎ አማስለዋለሁ። ወጡ ይወፍራል፤ እንቁላሉ ከአሳው ሥጋ አይለይም። ቅርፊቱን አመድ ውስጥ እቀብረዋለሁ። አባቴ መድኃኒቱ አፍንጫውን ስለዘጋው ሽታ አይለይም ነበር። አማትቦ፣ ጸልዮ፣ «ዛሬ ደግሞ አሳዋ ትልቅ ነበረች» እያለ ይበላል።

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ተበሳጭቼም ነበር። እግዜርንም፣ አባቴንም፣ ራሴንም «ምን ላድርግ ታዲያ?» እያልኩ ነበር የማማስለው። እሑድ እሑድ ገፈርሳ መሄዴን አላቆምኩም። አሳው ሲበዛልኝ እንቁላሉን እቀንሳለሁ እንጂ አልተውም። ከወደቀ ወዲህ መርፌውን እንኳ ድሬሰር ቤት ድረስ እየመጣ ይወጋው የነበረው አባቴ፣ በሁለተኛው ሳምንት ትራሱን ደገፍ ብሎ መቀመጥ ጀመረ። ከዚያ ደጅ ወጣ። በሰሙነ ሕማማት ለስግደት ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ሄደ። ፋሲካ ጠዋት ጎረቤቶች እንኳን አደረሰህ ሊሉት ሲገቡ ቆሞ ተቀበላቸው፣ እንዲህም አላቸው፦ «ተአምር እዩ! አንዲት ቀን ሳልገድፍ ዳንኩ። በቁስቋምና በልጄ አሳ።»

ሁሉም እልል አሉ። እኔ ዶሮ ወጡን ላውጣ ብዬ ጓዳ ገባሁ።

ለንስሐ አባታችን ተናገርኩ። «ስንት ቀን ነው?» አሉኝ።

«ሠላሳ ስምንት፣ አባቴ።»

«የሰው ጾም ሰርቀሻል።»

«ሊሞት ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በንስሐ አባት ላይ!

አልተቆጡም። «አዎ፣ ሊሞት ነበር» አሉ። «ጾሙንም ሰርቀሻል። ሁለቱም እውነት ነው። አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ሃምሳው ይለፍና ትሰግጃለሽ። ለአባትሽ ግን ራስሽ ንገሪው፣ ጃንጥላውን ሳያስገባ። እሱ ቁስቋም ፊት ቆሞ ያልሆነውን ሆነ እንዳይል። እኔ በንስሐ የሰማሁትን አላወጣም።»

ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ክረምቱ ገባ። ክረምት ለፈሪ ይመቻል። ገፈርሳ እንኳ አይኬድም፤ መንገዱ ጭቃ፣ ውሃው የጠላ አተላ ይመስላል። «በክረምት አሳ ዕውር ነው፤ ትሉን አፍንጫው ሥር ብትጥይለት አያየውም፤ ተይው» ይላል አባቴ። እሱ ቁጭ ብሎ መንጠቆ ይሞርዳል፣ ጎማ ሊያስለጥፍ ለሚመጣ ሾፌር ሁሉ ተአምሩን ያወራል። በነሐሴ ጃንጥላውን ገዛ። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። በላስቲክ ጠቅልሎ ከአልጋዬ በላይ ሰቀለው፤ ሌላ ቦታ አልነበረንም። በተኛሁ ቁጥር የማየው እሱን ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፤ መስከረም ጠባ፤ ጉዱ ግን ገና እኔ ሆድ ውስጥ ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ ባለችው እሑድ አብረን ገፈርሳ ወረድን። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ውሃው መጥራት ጀምሯል፤ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ከቦታል። ዘበኛው አቅፈው ሳሙት። አባቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ ጣለ፣ በሦስተኛው ቀመሳ ያዘ። ፊቱ እንደ ልጅ በራ። ከዚያ፣ «ኅዳር ስድስት ላይ እኮ ንግግር አደርጋለሁ» አለኝ። «ጃንጥላውን ስሰጥ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ሳልገድፍ...»

«ገድፈሃል» አልኩት። እንዲህ ነው ያወጣሁት፤ ስንት ወር ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶ። «እንቁላል ጨምሬብህ ነበር። በአሳው ውስጥ። ከወደቅክ ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ።»

አባቴ ክሩን አልለቀቀም። ቡሹ ሰመጠ፣ ወጣ፣ እንደገና ሰመጠ፤ አልሳበውም። «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ» አለ። ክሩን ጠቀለለ፣ ሸንበቆውን ያዘ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣ። በጭነት ማኪናው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጉለሌ ገባን።

አምስት ቀን አላናገረኝም። ያቀረብኩለትን ዝም ብሎ ይበላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ሲታመም እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ሲታመም የሚያናግረኝ አባት ነበረኝ። የጽጌ ጾም ሊገባ ዋዜማው ላይ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ስንት ቀን ነው ያስገደፍሽኝ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ጽጌ አርባ ነው» አለ። «ሁለቱን ቀን ምራቂ አድርጊው።»

የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ ማንም አላስገደደውም። መርፌውን ቢጨርስም ገና ኪኒን ላይ ነው። «ቢያገረሽብህስ?» ብዬ መጮህ ጀመርኩ፤ «አሳ አለ አይደል? አጥምጂልኝ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ ስሠራ መቀመጫ ዱካውን ይዞ ጓዳ ይገባል። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ እጄን ያያል። ሽንኩርት ስጥል ያያል፣ ዘይት ሳፈስ ያያል፣ ክዳኑን ስከድን አንስቶ ያያል። «ማማሰያው ላይ ምንድን ነው?» «በርበሬ ነው፣ አባዬ!» «እሺ፣ ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?» ሊያሳብደኝ ነበር። ግን ጥፋቱ የማን ነው? ምላሴን ነክሼ አማስላለሁ።

በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ የኛ ቤት አጥንት የቆሮሶ ነበር። አሳ ማጥመድን በእውነት የተማርኩት በዚያ ወር ነው፤ ሌላ መውጫ አልነበረኝማ። ቅዳሜ ከሰዓት ከፋብሪካ በቀጥታ፣ እሑድም ቀኑን ሙሉ እወርዳለሁ። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ እግሬ ይደነዝዛል። አሳው እስከ አራት ሰዓት አፉን አይከፍትም። ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ እኔ! ነፋስ ከእንጦጦ በኩል ሲመጣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣ ሲረግብ ከድንጋዩ ላይ። በአንዱ ሳምንት ግን ሁለቱንም ቀን ምንም አላገኘሁም። ያን ሳምንት አባቴ ሽሮ በላ፣ ሐሙስ ሌሊት ሳል ጀመረው። ቦርሳዬን አንስቼ እግሬ ወደ ቀጨኔ መንገድ ሊያስወጣኝ ሲል አየኝ። «እንዳታደርጊው» አለኝ። አላደረግኩትም። ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ ገፈርሳ ድረስ ግማሹን በሩጫ ነው የሄድኩት። ዘጠኝ ቆሮሶ ያዝኩ። ሳሉም ከዚያ በኋላ ለቀቀው።

ኅዳር ስድስት ቁስቋም ወጣን። ጃንጥላውን ላስቲኩን ገፎ ዘረጋው። ስለት የሚቀበሉት ዲያቆን ድምጽ ማጉያውን ይዘው፣ «ስለቱ ምን ነበር ልበል?» አሉት። አባቴ ዙሪያውን አየ፤ ፋሲካ ዕለት እልል ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ እዚያ ነበሩ።

«ታምሜ ነበር፣ ድኛለሁ፤ ይበቃል» አለ። ከዚያ የጃንጥላውን እጀታ ለኔ ሰጠኝ። «አንቺ አስገቢው።»

ቤት ስንገባ ለፍስኩ ከእንቁላል ጋር የገዛሁትን ሥጋ ላወጣ ስል፣ «ተይው፣ ለማታ ይሁን» አለ። የቀረች አንዲት ደረቅ ቆሮሶ ገመዱ ላይ ነበረች። አወረዳትና ሰጠኝ።

«ያንን የሁዳዴውን ሥሪልኝ» አለ። «ከዚያ በኋላ የበላሁት አሳ ሁሉ አልጣፈጠኝም።»

ሽንኩርቱን ጣድኩ። እንደ አርባው ቀን ሁሉ ተከትሎኝ ጓዳ ገባ፣ ምድጃው አጠገብ ዱካው ላይ ተቀመጠ። እንቁላሉን አንስቼ ልሰብር ስል ዓይናችን ተገጣጠመ። አባቴ ተነሳ፣ ዱካውን አዞረና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ በሩ ዞሮ ተቀመጠ።